ሱፍ ጨርቅ በሁዳዴ፦ ቢሾፍቱ ላይ ካፖርት ለሚያሰፉ

ቢሾፍቱ ላይ መጋቢት ከገባ በኋላ የካፖርትን ነገር የሚያነሣ ሰው አይገኝም። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ወደ 28 ዲግሪ ይጠጋል። የጋሪ ፈረሶች ከግንብ ጥላ አይላቀቁም፤ ሰው አመሻሹን ጠብቆ ወደ ሆራና ወደ ባቦጋያ ዳር ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ጨርቅ ቤት ገብተው «የካፖርት ሱፍ አለ?» ቢሉ ባለሱቁ ቀና ብሎ ያይዎትና «አሁን ወቅቱ አይደለም፤ ለክረምት ይመለሱ» ይልዎታል።

አይመለሱ። እዚያው ቆመው ደግመው ይጠይቁ። ካፖርት ለማሰፋት ያሰበ ሰው ጨርቁን መፈለግ ያለበት ማንም በማይፈልገው ወር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሁዳዴ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቀኑ ሙቀት እያታለለን ቆላ የምንኖር ይመስለናል። ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ተከብሮ ሰማዩ ሲጠራ ግን ቀን የሞቀው ምድር ሌሊቱን የሚሸፍነው ደመና ያጣል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ንጋት ላይ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ አዲስ አበባ ለሥራ የሚሄድ ሰው፣ ሌሊት የሚያድር ጥበቃ፣ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ አረጋዊት፣ በታኅሣሥ ወደ ቶሮንቶ ወይም ወደ ኦስሎ የሚበር ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ካፖርት ይፈልጋሉ። ጨርቁ የሚያልቀውም ያኔ ነው።

የሰፊውን ዓመት ደግሞ ይመልከቱ። ነሐሴና መስከረም የተማሪ ደንብ ልብስና የአዲስ ዓመት ልብስ ነው። ጥር ሠርግ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንደገና ሠርግ ነው፤ የሙሽራና የሚዜ ሱፍ ልብስ ሲቆረጥ ያድራል። በመካከሉ የሁዳዴ 55 ቀን አለ። በዚያ ጊዜ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ የሌሎች እምነቶች ሠርግ ቢኖርም ግፊያው ይቀንሳል። የሰፊው እጅ ያርፋል፣ የጨርቅ ነጋዴውም ጣቃ ሳይነካ ይውላል። ካፖርት ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ቢያንስ ሁለቴ መለካት አለበት፤ አንገትጌውና ትከሻው ችኮላ አይወዱም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ብርዱ ሲጠብቅ ጨርቅ ፍለጋ ወጣሁ። ሁለት ቀን ተንከራትቼ አንድ ሱቅ «ንጹሕ ሱፍ» ብሎ የሰጠኝን በውድ ገዛሁ፤ ሰፊው ወረፋ ስለበዛበት በጥድፊያ ቆረጠው። ካፖርቱ ሲለበስ ብብት ሥር ያልባል፣ ሲቆሙበት ደግሞ ብርድ ያስገባል። ዓመት ሳይሞላው ክርኑ እንደ መስታወት አብለጨለጨ። ሱፍ አልነበረም፤ ፖሊስተር ነበር። አንዲት ዘለላ ክርና አንድ ክብሪት ያድኑኝ ነበር፤ ነገሩን ወደ ኋላ ላይ አሳይዎታለሁ።

መጀመሪያ ሰፊውን ያነጋግሩ

ብዙ ሰው ጨርቁን ገዝቶ ነው ሰፊ የሚፈልገው። ለካፖርት ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ። ካፖርት ሰፍቶ የሚያውቅ ሰፊ ይምረጡ፤ ሱሪና ሸሚዝ አሳምሮ የሚሰፋ ሁሉ ካፖርት አይችልም። የሰፋውን ካፖርት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ካሳየዎ አንገትጌውን ከጀርባ በኩል ገልብጠው ይዩት፤ ተኝቶ ከተቀመጠ ሰውዬው ሥራውን ያውቃል፤ ወደ ላይ ከተጠማዘዘ ሌላ ይፈልጉ።

ሰፊው ሦስት ነገር ይሰጥዎታል። አንደኛው ልኬትዎና የሚበቃዎት ሜትር ነው። ሁለተኛው ጨርቅ ሊኖርበት የሚችል ሱቅ ነው፤ ሰፊዎች የትኛው ነጋዴ ምን ደብቆ እንደያዘ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሦስተኛውን ሰው አይጠይቅም፤ የራሱ መደርደሪያ ነው። ደንበኛ አምጥቶ ሳያሰፋ የቀረ፣ ቀብድ ከፍሎ ያልተመለሰበት፣ ከሌላ ሥራ የተረፈ ወፍራም ጨርቅ ካረጀ ሰፊ ቤት አይጠፋም። «ጋሼ፣ የቆየ ወፍራም ሱፍ ቢኖርዎ ያሳዩኝ» ብለው በአክብሮት ይጠይቁ። እኔ በመጨረሻ ያሰፋሁትን ጥቁር ቡናማ ካፖርት ያገኘሁት በጋዜጣ ተጠቅሎ ከአንድ ሽማግሌ ሰፊ ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው።

የሚፈልጉትን በስሙ ይጥሩት

ፍለጋው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው። እኛ «ሱፍ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፤ የበግ ጸጉር፣ እንዲሁም ኮትና ሱሪ የሆነ ሙሉ ልብስ። ነጋዴው ጋ «ሱፍ አለ?» ሲሉ እሱ የሚሰማው ሁለተኛውን ነው፤ የሚያወጣልዎትም ለሙሽራ ልብስ የሚሆን ስስ ጨርቅ ነው። አልዋሸዎትም፤ እንደ ገበያው ቋንቋ ሱፍ ነው። ከበግ ጋር ግን ላይተዋወቅ ይችላል። ገበርዲንም እንዲሁ የአሠራር ስም እንጂ የዘር ስም አይደለም፤ ከሱፍም፣ ከጥጥም፣ ከፖሊስተርም ይሠራል።

ስለዚህ እንዲህ ይበሉ፦ «ለካፖርት የሚሆን፣ የበግ ጸጉር ያለበት፣ ወፍራም ጨርቅ። የቆየም ቢሆን፣ ቁራጭም ቢሆን።» የመጨረሻዋ ሐረግ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ነጋዴው «የለም» የሚለው ብዙ ጊዜ ሙሉ ጣቃ የለም ማለቱ ነው። የሦስት ሜትር ቅሪት ግን ከመደርደሪያው ሥር፣ ከአቡጀዲውና ከመጋረጃው ጀርባ ሊኖረው ይችላል፤ ለእሱ የሞተ ገንዘብ ነው፣ ለእርስዎ አንድ ካፖርት ነው።

በቃል ብቻ አይሂዱ። ከአሮጌ ካፖርት ጫፍ ወይም ከሰፊው ቁርጥራጭ የመዳፍ ያህል ናሙና ይያዙ። ነጋዴው በእጁ ሲያሸው የሚፈልጉትን ውፍረት ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይገባዋል።

ውፍረትን በቁጥር ለሚወድ፦ የሙሉ ልብስ ሱፍ በካሬ ሜትር 200 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የካፖርት ሱፍ ግን ከ350 እስከ 500 ግራም ይደርሳል። ሚዛን በሌለበት እጥፍ አድርገው በጣትዎ ይያዙት፤ እጥፉ ሹል ሆኖ ከተኛ ስስ ነው፣ ክብ ሆኖ ከተነፋ ለካፖርት ይሆናል።

የት ይፈለጋል?

ከቢሾፍቱ ይጀምሩ። አስፋልቱ ዳር ካሉት አዳዲስ ሱቆች ይልቅ ገበያው ውስጥ ያሉትን የቆዩ ጨርቅ ቤቶች ያስቀድሙ፤ አዲስ ሱቅ የሚይዘው የዘንድሮን ነው። ገበሩን፣ ክሩንና ቁልፉን ግን እዚሁ ከከተማችን ይገዙታል፤ ለእነሱ መንገድ አይውጡ።

አዳማ ትልቅ ገበያ ናት፣ ምርጫም ብዙ ነው። ነገር ግን ከቢሾፍቱ ዝቅ ያለች፣ ሞቃት ከተማ ናትና ነጋዴዎቿ የሚያመጡት በአብዛኛው ስስ ጨርቅ ነው። እኔ አዳማ ለካፖርት ብዬ ሄጄ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ይበዛል። ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ ያለችው አሰላ ግን ሌላ ነገር ናት። ብርዳማ ደጋ ናት፤ እዚያ ወፍራም ልብስ የክረምት እንግዳ ሳይሆን የሁልጊዜ ልብስ ነው። ሙቀት ወር ላይ ሱፍ ሲፈልጉ ካርታውን በኪሎ ሜትር አይዩት፣ በከፍታ ይዩት። ዘመድ ወይም ጉዳይ ወደ አርሲ የሚወስድዎ ከሆነ ናሙናዋን ኪስዎ ይክተቱ።

አዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መርካቶ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጨርቅ በጣቃ የሚያከፋፍሉት ሱቆች ጋ በማለዳ ይግቡ። አከፋፋዩ በሜትር አልሸጥም ቢልዎ ከእሱ ማን እንደሚወስድ ይጠይቁት፤ የደንበኛውን ሱቅ ይነግርዎታል። ፒያሳ የነበሩ የቆዩ ሰፊዎችንና ጨርቅ ቤቶችን አድራሻ ይዘው ከሆነ መጀመሪያ ስልክ ይደውሉ፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ሱቅ ተነሥቷል። ሽሮ ሜዳን ለዚህ ጉዳይ ይተዉት፤ ሽሮ ሜዳ የጥጥ አገር ነው።

ልባሽ ጨርቅን በተመለከተ አንድ ቃል ልበል። አሮጌ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ነው። ከኮንትሮባንድ ቦንዳ የወጣ ካፖርት ገዝቶ ማስፈታት ርካሽ ቢመስልም አልመክረውም። የቤትዎ ሣጥን ውስጥ ያለው የአባትዎ ካፖርት ግን የእርስዎ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት የእነሱን ወቅት ይጠቀሙበት። በአሜሪካም በአውሮፓም ጨርቅ ቤቶች የካፖርት ሱፍ የሚያወጡት ከመስከረም ጀምሮ ነው፤ ጥርና የካቲት ላይ ክረምታቸው ሳይወጣ ዋጋ ይቀንሳሉ። እኛ ሁዳዴ ልንይዝ ስንል እነሱ ያጋፉታል። ለፋሲካ የሚመጣ ዘመድ ካለ በጥር ይንገሩት። የሚነግሩት ነገር አጭር ይሁን፦ «ሜልተን ወይም ትዊድ፣ ቢያንስ 80 በመቶ ሱፍ፣ ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር፣ 3 ሜትር።» ሜልተን ፊቱ የተዳመጠ፣ ድሩና ማጉ የማይታይ ወፍራም ጨርቅ ነው፤ ነፋስ አያስገባም። ትዊድ ሻካራና ባለብዙ ቀለም ነው። 3 ሜትሩ ሁለት ኪሎ ቢመዝን ነውና ሻንጣ ላይ አይከብድም።

ክብሪቱ

አሁን ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል እንበል። ጠርዙ ላይ በወርቃማ ፊደል «ንጹሕ ሱፍ»፣ «ሱፐር 120»፣ «እንግሊዝ» የሚል ታትሞበታል። አይመኑት። ሱፐር የሚባለው ቁጥር የጸጉሩን ቅጥነት መግለጫ ነበር፤ ማንም ግን በማንኛውም ጨርቅ ጠርዝ ላይ ሊያትመው ይችላል። ደግሞም ከፍ ያለ ቁጥር ለካፖርት ብልጫ አይደለም፤ ቀጭን ጸጉር ቶሎ ያልቃል።

ባለሱቁን ያስፈቅዱ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል። ከጣቃው ጫፍ ሁለት ዘለላ ክር ይምዘዙ፤ አንዱ ከድሩ፣ ማለትም በጨርቁ ርዝመት ከሚሄደው፣ ሌላው ከማጉ፣ በወርድ ከሚሄደው። ሁለቱንም መምዘዝ የግድ ነው፤ ድሩ ፖሊስተር፣ ማጉ ሱፍ የሆነ ጨርቅ ሞልቷልና። ከሱቁ ደጅ ወጥተው፣ ከጨርቅ ርቀው፣ ዘለላዋን በጉጠት ወይም በመርፌ ጫፍ ይዘው ክብሪት ይለኩሱባት።

ሱፍ ከሆነች እየተኮማተረች፣ እየተንጫጫች፣ በዝግታ ትቃጠላለች፤ እሳቱን ሲያርቁት ወዲያው ትጠፋለች። ሽታዋን አንድ ጊዜ ያሸተተ አይስተውም፤ የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸተው ነው። ጫፏ ላይ የቀረችው ጥቁር እብጠት በጣት ሲያሿት ዱቄት ትሆናለች። ፖሊስተር ከሆነች ትቀልጣለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ሲበርድ ጫፏ እንደ ዶቃ ይጠነክራል፤ በጥፍር አይደቅም። አክሪሊክ በሱፍ መልክ ስለሚሠራ ብዙ ሰው ያታልላል፤ እሱ ደግሞ ፈጥኖ እየነደደ ይቀልጣል፣ የሚተወውም ጠንካራ ጥቁር ፍርፋሪ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ግራጫ አመድ ይሆናል። ቅይጥ ከሆነ ጸጉር ይሸትና ዶቃም ይተዋል። ቅይጥ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ከመቶ ሃያ እጅ ናይለን ወይም ፖሊስተር የገባበት ሱፍ ክርኑ ቶሎ አይሳሳም። መጥፎው የንጹሕ ዋጋ መክፈል ነው።

ለሱፍ ይህን ያህል የምሟገተው ያለ ምክንያት አይደለም። ጸጉሩ በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሙቀቱን የሚያቆየው ያ አየር ነው። ከራሱ ክብደት ከመቶ ሠላሳ እጅ የሚሆን እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ርጥብ አይመስልም። የማለዳ ጤዛና የሐምሌ ካፊያ ለሚያገኘው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወቅቱ ያለፈበት ጨርቅ የራሱ በሽታ አለው

ከወቅት ውጭ ሲገዙ የሚገዙት የተኛ ጨርቅ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ነገር ይፈትሹ።

ትልቁ ጠላት ብል ነው። ጨርቁን የምትበላው የምትበርረው ብል አይደለችም፣ ትሏ ናት፤ ትሏም ጨለማና የማይነካ እጥፍ ትወዳለች። ጣቃውን እስከ እምብርቱ ያስፈቱ፤ ላይ ላዩን ዓይቶ መግዛት አይሆንም። ጨርቁን በሁለት እጅ ወጥረው ከደጁ ብርሃን ፊት ያንሡት። ጤነኛው ጨርቅ እኩል ይጠቁራል፤ ብል የነካው እንደ ወንፊት ነጠብጣብ ብርሃን ያስገባል። በእጥፉ ውስጥ ነጭ ድር መሳይ ነገር ወይም እንደ አሸዋ ያለ ደቃቅ ኩስ ካገኙ ዋጋው በግማሽ ቢቀነስም ይተዉት፤ ቤት ያለውንም ልብስ ያስበላዎታል።

ሁለተኛው የመደርደሪያ ፀሐይ ነው። ለዓመታት አንድ እጥፉ ወደ ደጅ ዞሮ የተቀመጠ ጣቃ በዚያ እጥፍ ላይ ቀለሙ ይሸሻል። ሱቁ ውስጥ በመብራት አይታይም፤ ውጭ ሲያወጡት እንደ መንገድ የተዘረጋ ገረጣ መስመር ይወጣል። መስመሩ አንድ ከሆነና ሰፊው በስፌት ውስጥ ሊደብቀው ከቻለ ይግዙና ዋጋ ያስቀንሱ። ሦስተኛው የሻጋታ ሽታ ነው። ሽታው ብቻ ከሆነ ነፋስና ፀሐይ ያስለቅቀዋል፤ ጨርቁ ሲስቡት ከተፈተተ ግን በስብሷል።

ስንት ሜትር?

የካፖርት ሱፍ ወርድ አብዛኛውን ጊዜ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። ለመካከለኛ ቁመና ዳሌ ድረስ ለሚደርስ አጭር ካፖርት 2 ሜትር፣ ጉልበት ድረስ 2.5 ሜትር፣ ከጉልበት በታች ለሚወርድ 3 ሜትር ይበቃል። ሰውነትዎ ሞላ ያለ ወይም ቁመትዎ ረዘም ያለ ከሆነ ግማሽ ሜትር ይጨምሩ። ጨርቁ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ከሆነ መስመሩ ጎንና ጎን እንዲገጥም ሌላ ግማሽ ሜትር ያስፈልጋል። ፊቱ ጸጉር ያለው ከሆነ ቁርጦቹ ሁሉ ጸጉሩ ወደ ታች እንደተኛ መቆረጥ አለባቸው፤ አንዱ ቢገለበጥ ቀለሙ የተለየ መስሎ ይታያል።

የሚያስፈልገውን ሁሉ ከአንድ ጣቃ በአንድ ቀን ይግዙ። ከወቅት ውጭ የተገኘ ጨርቅ ተመልሶ አይገኝም፤ ቢገኝም ቀለሙ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ሜትሩ ሲለካ ዓይንዎን አይንቀሉ። በዋጋ መከራከርም የሚያዋጣው አሁን ነው፤ ሁዳዴ ላይ ያንን ጣቃ የሚጠይቀው ሌላ ሰው የለም፣ ባለሱቁም ያውቀዋል። ቅሪቱን በሙሉ እወስዳለሁ ማለት ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ዋጋ ይሰብራል።

ጨርቁ ጨርሶ ከጠፋ

መጀመሪያ ሣጥንዎን ይክፈቱ። የአባት ወይም የአያት ካፖርት ከውጭ ነጥቶ ከውስጥ ግን እንደ አዲስ ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ሰፊ ፈትቶ ይገለብጠዋል፤ የውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል። ትልቁን ለትንሽ ሰው ማሳጠር ይቻላል፤ ትንሹን ማስፋት ግን አይቻልም፤ ይህን አስቀድመው ይመዝኑ።

ሁለተኛው የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። ከብርድ ልብስ ካፖርት ማሰፋት የድህነት ምልክት የሚመስለው ሰው አለ፤ ተሳስቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያም በኋላ እንግሊዝ ልብስ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1949 በራሽን ሲታደል ከብርድ ልብስ ካፖርት የሰፉ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ካናዳም ከጥንት ጀምሮ በብርድ ልብስ ካፖርት ትታወቃለች። እኛ ዘንድ በብርድ ልብስ ስሟ የተጠራችው ደብረ ብርሃን ናት፤ አዲስ አበባ ላይ ከላም በረት ተነሥተው 130 ኪሎ ሜትር ነው። የቆየ ብርድ ልብስ ሲገዙም ክብሪቱን አይርሱ። ብርድ ልብስ ከሱፍ ጨርቅ የላላ ስለሆነ ሰፊው ቁርጡን ሰፋ አድርጎ እንዲቆርጥና ጠርዙን ወዲያው እንዲጠልፈው ይንገሩት።

ሦስተኛው ለእኔ የልብ ጉዳይ ነው። አገራችን የራሷ የካፖርት ጨርቅ አላት፤ የመንዝ ሱፍ። መንዝ ላይ ሴቶች የበጉን ጸጉር ፈትለው፣ ወንዶች ሸምነው ባናና በርኖስ ይሠራሉ። በርኖስ ቀለም የማይነካው፣ በበጉ በራሱ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ የሚወጣ ካባ ነው፤ በቀኝ ትከሻው ላይ ባለው ሹል ጉብታ ከሩቅ ይለያል። በደጋው ቁር ሰውን ያሻገረ ልብስ ነው። ሙያው ዛሬም ያለው ሸማኔው ገዢ ሲያገኝ ነው፤ መንዝ ሰው ካለዎት ጨርቁን በልክ ማሠራት ይችላሉ፤ ወቅት የሚባል ነገርም አያግድዎትም። ለሰፊው ሁለት ነገር ይንገሩ። ወርዱ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ካፖርቱ ከበዙ ሰቆች ይገጣጠማል፤ ስፌቱን ጀርባው መካከልና ጎኑ ላይ እንዲያሳርፍ ያድርጉ። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነውና እስከ እጅጌው ድረስ ሙሉ ገበር ይግባበት፤ አንገትጌው ቆዳ በሚነካበት በኩል ለስላሳ ጨርቅ ይደረግ።

ከመቆረጡ በፊት

ሱፍ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይሰበሰባል። ሳይሰበሰብ የተቆረጠ ካፖርት በመጀመሪያው ዝናብ እጅጌው ያጥራል። ስለዚህ ሰፊው ጋ ከመውሰድዎ በፊት ቤትዎ ያዘጋጁት፤ ብዙ ሰፊ ጊዜ ስለሌለው ይዘለዋል።

ንጹሕ የጥጥ አንሶላ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው እስከሚችሉት ይጭመቁት። መሬት ላይ ጅባ ዘርግተው አንሶላውን ያንጥፉ፣ ሱፉን ከላዩ ያንጥፉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሳያጨማድዱ ይጠቅልሉና በላስቲክ ሸፍነው ያሳድሩት። ጠዋት ሱፉ እኩል ረጥቦ ያገኙታል። በጥላ፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ይደርቅ፤ ገመድ ላይ አይስቀሉት፣ በክብደቱ ይለጠጣል። ሙቅ ውኃ ውስጥ አይንከሩት፣ አይሹትም፤ ተዳምጦ እንደ ግላስ ይሆናል። ሲደርቅ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው ካውያውን እየጫኑ እያነሡ ይተኩሱት፤ አይጎትቱት።

ሰፊው 16 ቁጥር መርፌ እንዲያስገባና ስፌቱን ከሸሚዝ ስፌት ረዘም እንዲያደርገው ይንገሩት። ገበሩ ከሱፉ ትንሽ ይስፋ፤ ጀርባው ላይ አንድ እጥፋት ካልተተወለት እጅዎን ሲዘረጉ ይቀደዳል። ውስጥ የሚታጠፈውን የስፌት ትርፍ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲተው ያድርጉ፤ ሰው ይወፍራል፣ ካፖርቱም ለልጅ ይተርፋል።

ካፖርቱ ሲያልቅ ምናልባት ሚያዝያ ይሆናል፤ ወሩ ገና ይሞቃል። ፀሐይ ላይ አውጥተው በብሩሽ ይጥረጉት፤ ብል ብርሃንና የሚነካካ ጨርቅ አትወድም። በደንብ በሚዘጋ ከረጢት ከተው ያስቀምጡት፤ ናፍታሊን ከጨመሩ ልጆች ከማይደርሱበት ይሁን። ከኢሬቻ በኋላ ያውጡት።

ከጨርቁ የተረፈችውን የመዳፍ ያህል ቁራጭና ከጠርዙ የተመዘዘ ጥቂት ክር ሰፊው እንዳይጥል አስቀድመው ይንገሩት፤ ተቀብለው በካፖርቱ የውስጥ ኪስ ያስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ብል አንድ ቦታ ብትበሳው ቀለሙ የሚገጥም መጠገኛ ከሌላ ቦታ አይገኝም።